«እናንተን ማን ሾማችሁ?» ስለ አድሚን ሥልጣንና ተጠያቂነት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ለምንኖር ኢትዮጵያውያን በተከፈተ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከ6ቱ አድሚኖች አንዷ ነኝ። አባላቱ ከ14,000 በላይ ናቸው። ባለፈው ወር አንዲት አባል ገንዘቧን ተቀብሎ ስለጠፋ ደላላ ጽፋ ሌሎች እንዲጠነቀቁ አሳሰበች። መልእክቷ በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋ፤ እሷም ከግሩፑ ተባረረች። መልእክቱን ያጠፋው አድሚን ከደላላው ጋር እንደሚቀራረብ በኋላ ሰማን። ለምን ብለው የጠየቁ ሰዎችም እንዳይጽፉ ታገዱ። የግሩፑ ባለቤት አገር ቤት ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ስንጽፍለት አይመልስም። አባላቱ ‹እናንተን ማን ሾማችሁ?› ሲሉኝ መልስ አጣሁ። አድሚንን ተጠያቂ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? ምርጫ ብናደርግስ ነገሩን ይፈታው ይሆን?»

ምላሽ፦

«እናንተን ማን ሾማችሁ?» የሚለው የአባላቱ ቃል እንደ ስድብ ሊሰማዎት ይችላል፤ ይሁን እንጂ ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ምላሼን ከእሱ እጀምራለሁ። እውነቱ ማንም አልሾማችሁም ነው። እንደ አብዛኛው ግሩፕ ሁሉ አንድ ሰው ከፈተው፤ ሥራ ሲበዛበት የሚያምናቸውን ጥቂት ሰዎች አድሚን አደረገ፤ እነሱም ሌሎችን ጨመሩ። ያኔ አባላቱ ምናልባት ሁለትና ሦስት መቶ ቢሆኑ ነው፤ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ሲያጠፋ ይደወልለትና ይመከራል። ዛሬ ግን ሰው ቤት የሚከራየው፣ ሥራ የሚያፈላልገው፣ ከየትኛው ደላላ መራቅ እንዳለበት የሚሰማው በዚሁ ግሩፕ ነው። የጓደኛሞች መሰብሰቢያ የነበረው ቤት አደባባይ ሲሆን የአድሚኖቹ ሥልጣን አብሮ አደገ፤ ልጓሙ ግን አልተበጀለትም። የገጠማችሁ ችግር የዚህ ክፍተት ልጅ ነው፤ ያ አድሚን ነገ ቢነሳም ክፍተቱ እስካለ ድረስ በሌላ ሰው እጅ ይደገማል።

መልእክት ማጥፋትና ሰው ማስወጣት በራሱ ነውር የለበትም። ይህን የሚያደርግ ሰው የሌለበት ግሩፕ ብዙም ሳይቆይ የአጭበርባሪ ማስታወቂያና የዘር ስድብ መራገፊያ ይሆናል። የሚያሳስበኝ አንድ ሰው ፍርዱንም፣ ማስረጃውንም፣ የአቤቱታውንም በር በአንድ ጣት መያዙ ነው። በእናንተ ዘንድ የሆነውን በቅደም ተከተሉ ይመልከቱት። መልእክቱ ሲጠፋ ማስረጃው ጠፋ፤ ጸሐፊዋ ስትባረር ከሳሿ ጠፋች፤ የጠየቁት ሰዎች አፋቸው ሲዘጋ ምስክሩ ጠፋ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጥቂት ደቂቃዎች በቂ ነበሩ። የዕድርን አሠራር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። በዕድር ሰብሳቢው ገንዘብ አይዝም፤ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን አይጽፍም፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን በአባላቱ ፊት አንብቦ ያስፈርማል። ሥራው እንዲህ የተከፋፈለው ሰው ሁሉ ሌባ ነው ተብሎ ሳይሆን፣ ታማኙ ሰው እንኳ አንድ ቀን በወንድሙ ጉዳይ ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጡ ስለማይቀር ነው።

ወደ መፍትሔው ከመሄዳችን በፊት ቴሌግራም ራሱ ምን እንደሚፈቅድ ማወቅ ይጠቅማል፤ ለዓመታት አድሚን ሆነው ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛልና። በግሩፑ ማስተካከያ ውስጥ የቅርብ ጊዜ ድርጊቶች የሚዘረዘሩበት ገጽ አለ። ማን የትኛውን መልእክት እንዳጠፋ፣ የጠፋው መልእክት ምን ይል እንደነበር፣ ማን ማንን በስንት ሰዓት እንዳስወጣ እዚያ አንድ በአንድ ይታያል። ገጹን ማየት የሚችሉት ግን አድሚኖች ብቻ ናቸው፤ የተመዘገበውም ነገር የሚቆየው 48 ሰዓት ነው። ሐሙስ ማታ የተሠራ በደል ከቅዳሜ ማታ በኋላ ዱካው አይገኝም ማለት ነው። ሌላው ነገር የሥልጣኑ መሰላል ነው። የግሩፑ ባለቤት የፈለገውን አድሚን ማውረድ ይችላል፤ አድሚን የመሾም መብት የተሰጠው ሌላ አድሚን ግን ማውረድ የሚችለው ራሱ የሾማቸውንና እነሱ የሾሟቸውን ብቻ ነው። እናንተ አምስታችሁ ብትስማሙ እንኳ ስድስተኛውን የሾመው ባለቤቱ ከሆነ ከቦታው ልትነኩት አትችሉም። ከዚህም በላይ አንድ አድሚን ስሙን ሰውሮ በግሩፑ ስም መጻፍ ይችላል፤ ለአባላቱ የሚታያቸው የግሩፑ ስም እንጂ የሰውየው ማንነት አይደለም። መሣሪያው የተሠራው ግሩፕ የከፈተ ሰው ቤቱን እንደፈለገ እንዲያስተዳድር ታስቦ ነው። ተጠያቂነት የምትፈልጉ ከሆነ ከመሣሪያው የጎደለውን ራሳችሁ መጨመር ይኖርባችኋል።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ምርጫ መልካም ነገር ነው፤ ብቻውን ግን አያድንም። ይህን እንድል የሚያደርገኝ በክሮኤሺያኛው ውክፔዲያ የደረሰው ነገር ነው፤ በአድሚንነት ሥራ ለቆየን ሰዎች ከዚያ የበለጠ ያስተማረን ጉዳይ ያለ አይመስለኝም።

ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፣ በየቋንቋው ራሱን የሚያስተዳድር፣ በጎ ፈቃደኞች የሚጽፉት የበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀት ነው። እናንተ አድሚን የምትሏቸውን በአማርኛው ውክፔዲያ መጋቢ ይሏቸዋል። ጽሑፍ ያጠፋሉ፣ ገጽ ይቆልፋሉ፣ ተሳታፊ ያግዳሉ፤ የሚሾሙትም በየቋንቋው ማኅበረሰብ ድምፅ ነው። እያንዳንዱ እገዳ ማን እንደፈጸመው፣ መቼና በምን ምክንያት እንደሆነ ማንም ሰው ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በወረቀት ሲታይ ከዚህ የተሻለ አሠራር ማሰብ ያስቸግራል። ይሁንና በክሮኤሺያኛው ቅጂ ተመሳሳይ የቀኝ አክራሪ አመለካከት ያላቸው ጥቂት መጋቢዎች ለአሥር ዓመት ያህል ሥልጣኑን ይዘው ቆዩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኡስታሻ የተባለው፣ ከናዚዎች ጋር ያበረ የክሮኤሺያ ፋሺስት መንግሥት ሰርቦችን፣ አይሁዶችንና ሮማዎችን የፈጀበትን የያሴኖቫትስ ካምፕ የሰዎች መሰብሰቢያና የጉልበት ሥራ ካምፕ አድርገው አቀረቡት። ማስረጃ ይዞ ሊያርም የገባ ሰው ሥራ አደናቃፊ ተብሎ ይታገዳል። እገዳውን የተቃወመም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአገሪቱ ጋዜጦች ጉዳዩን አወጡት፤ የትምህርት ሚኒስትሩ ዤልኮ ዮቫኖቪች ተማሪዎች በክሮኤሺያኛው ውክፔዲያ እንዳይጠቀሙ በይፋ እስከማስጠንቀቅ ደረሱ። ለጠቅላላው የውክፔዲያ ማኅበረሰብም አቤቱታ ቀረበ። ምንም አልተለወጠም።

ለምን አልተለወጠም? መጋቢዎቹ ድምፅ የተሰጣቸው ናቸው፤ ሊወርዱ የሚችሉትም በድምፅ ነበር። የታገደ ሰው ግን ድምፅ አይሰጥም። ተሰላችቶ የሄደም ድምፅ አይሰጥም። ከዓመታት በኋላ በተደረገ ማጣራት ደግሞ ድምፅ ከሰጡት አካውንቶች አንዳንዶቹ የተለያዩ ሰዎች እንዳልነበሩ፣ ከአንድ እጅ የወጡ እንደነበሩ ተደረሰበት። በዚያ ቤት መራጩን የሚመርጠው ተመራጩ ነበር። ነገሩ የተፈታው ከውጭ ሰው ሲገባበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ዋነኛው መጋቢ ከውክፔዲያና ከእህት ገጾቹ ሁሉ ታገደ፤ ሌሎቹም ከዚያ በኋላ ሥልጣናቸውን አጡ፤ በሰኔ 2021 ውክፔዲያን የሚያስተናግደው ድርጅት፣ የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን፣ ያስጠናውን ዘገባ ለሕዝብ አቀረበ። ዘገባውን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። ያ ሁሉ ዓመት ማንንም ያላዳነው ግልጽ መዝገብ በመጨረሻ ላጣሪዎቹ መሠረት ሆነላቸው፤ እያንዳንዱ እገዳ ከነቀኑና ከነምክንያቱ ተቀምጦ ስለቆየ ማን ምን እንዳደረገ አንድ በአንድ መከተል ተቻለ። መዝገብ ፍርድ አይሆንም፤ ያለ መዝገብ ደግሞ ፍርድ አይኖርም።

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ያዳበራቸው ሁለት ልማዶች ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅሙ ይመስለኛል። አንደኛው መጋቢ ራሱ በገባበት ጠብ ላይ ሥልጣኑን እንዳይጠቀም የሚከለክለው ደንብ ነው። ከአንድ ሰው ጋር የተከራከረ መጋቢ፣ ልክ ነኝ ብሎ ቢያምንም፣ ያንን ሰው ራሱ ማገድ አይገባውም፤ ሌላ መጋቢ ጠርቶ ያሳያል። ሁለተኛው የይግባኙ አሠራር ነው። የታገደ ተሳታፊ ሌላው ቦታ ሁሉ ቢዘጋበትም በራሱ የመወያያ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ መጻፍ ይፈቀድለታል፤ እዚያ የሚያስገባውን አቤቱታ ተመልክቶ የሚወስነው ያገደው መጋቢ ሳይሆን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ አንድ መጋቢ እንዲወርድ በቀረበ አቤቱታ ላይ 25 ተሳታፊዎች በአንድ ወር ውስጥ ከፈረሙ መጋቢው እንደገና ለድምፅ ይቀርባል፤ አለበለዚያ ሥልጣኑን ያጣል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዓይነት መንገድ ሳይኖር መቆየቱ በእኔ ግምት የዚያ ማኅበረሰብ ትልቁ ድክመት ነበር። መሾሚያው ሲኖር መሻሪያው ካልኖረ ሥልጣን ርስት ይሆናል።

እዚህ ላይ ከራሴ የደረሰብኝን ልጨምር። ለበርካታ ዓመታት በአንድ ትልቅ የአማርኛ ግሩፕ ውስጥ አድሚን ነበርኩ። አንድ ቀን ከስምንት ወር በፊት ያስወጣነው ሰው በጓደኛው በኩል «ምን አጥፍቼ ነው ያስወጣችሁኝ? ንገሩኝና ይቅርታ ልጠይቅ» ብሎ ላከብን። አራት አድሚኖች ነበርን፤ ተደዋወልን። አንዱ ተሳድቦ ነው አለ፤ ሌላው ማስታወቂያ ለጥፎ ነው አለ፤ ሦስተኛው ስሙን አላስታወሰውም። እኔ ደግሞ አባራሪው እኔ ራሴ እንደነበርኩ እየጠረጠርኩ እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። ለዚያ ሰው የምንሰጠው መልስ አልነበረንም፤ ወደ ግሩፑ መልሰን አስገባነው፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ሳይጽፍ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አምስት ነገር ሳልጽፍ ማንንም አስወጥቼ አላውቅም፦ ቀኑን፣ የእኔን ስም፣ የጠፋውን መልእክት እንዳለ፣ የተጣሰውን ደንብና እገዳው የሚያበቃበትን ጊዜ። አንዱን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ ነው። የሚገርመው ግን መጻፉ ራሱ እጅ የሚይዝ ነገር መሆኑ ነው። የተጣሰውን ደንብ ለመጻፍ ስፈልግ አጥቼው፣ ሰውየውን ያስወጣሁት ስላናደደኝ ብቻ መሆኑን ተረድቼ የተውኩባቸው ጊዜያት አሉ።

ምክንያት መስጠት የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት። በአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 17 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በ17ኛ አንቀጹ፣ ኩባንያዎች የተጠቃሚን ጽሑፍ ሲያነሱ ወይም አካውንቱን ሲያግዱ ግልጽና ጉዳዩን ለይቶ የሚያሳይ ምክንያት እንዲሰጡት ያስገድዳል፤ በ20ኛው አንቀጽ ደግሞ ከጥቃቅንና ከአነስተኛ ድርጅቶች በቀር መድረኮች ሁሉ ቢያንስ ለስድስት ወር ክፍት የሆነ የአቤቱታ መንገድ እንዲያዘጋጁ ያዛል። እናንተ ባላችሁበት አገር ይህ ሕግ እንደማይሠራ አውቃለሁ። በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ተጠቃሚ ያለው ኩባንያ ምክንያት ጽፎ መስጠት ከተቻለው ግን ለ6 አድሚኖች ይከብዳል የሚል ክርክር አልቀበልም።

ስለዚህ በእናንተ ግሩፕ የምመክረው ይህን ነው። ከግሩፑ ጎን አባላት ሁሉ የሚያነቡት፣ አድሚኖች ብቻ የሚጽፉበት አንድ የመዝገብ ቻናል ይከፈት፤ እያንዳንዱ እገዳና እያንዳንዱ የጠፋ መልእክት ከምክንያቱና ካደረገው አድሚን ስም ጋር እዚያ ይስፈር። የቻናሉን ቁልፍ የሚይዙት መልእክት የማጥፋት ሥልጣን የሌላቸው ሁለት የታመኑ አባላት ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ የዕድሩ ጸሐፊ መሆናቸው ነው። ከግሩፑ የተባረረ ሰው ግሩፑ ውስጥ ገብቶ አቤት ማለት እንደማይችል አይዘንጉ፤ በመሆኑም የእነዚህ ሁለት ሰዎች አድራሻ ግሩፑን ላልተቀላቀለ ሰው ጭምር በሚታይ ቦታ፣ በግሩፑ መግለጫ ላይ፣ መቀመጥ አለበት። በክሮኤሺያኛው ውክፔዲያ የጠፋው ይህ ከቤት ውጭ የሚገኝ በር ነበር። አቤቱታውን ያገደው አድሚን አይመልከተው። ከደላላ፣ ከገንዘብ አስተላላፊ ወይም ማስታወቂያ ከሚያስነግር ነጋዴ ጋር ዝምድና ወይም የጥቅም ትስስር ያለው አድሚን አስቀድሞ ይናገር፤ ከዚያ ሰው ጉዳይም እጁን ያውጣ። ስም ሰውሮ በግሩፑ ስም መጻፉ ለጋራ ማስታወቂያ ካልሆነ በቀር ይቅር። ምርጫውን ከዚህ ሁሉ በኋላ አድርጉት፤ ስታደርጉትም አለአግባብ የታገዱት ተመልሰው ድምፅ ይስጡ።

በግልጽነቱ ላይ ግን አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። እናንተ ባላችሁበት አገር ከአሠሪዋ ቤት የወጣች እህት ያለችበትን ሰፈር አንድ ሰው በየዋህነት ግሩፑ ላይ ቢጽፍ፣ ወይም የአንዷን ፓስፖርት ፎቶ ቢለጥፍ፣ አድሚኑ በቅጽበት ማጥፋት አለበት፤ የጠፋውን በመዝገብ ቻናሉ ላይ እንዳለ መድገም ደግሞ ጥፋቱን ሁለተኛ ጊዜ መሥራት ነው። እንዲህ ያለው «የግል መረጃ ስላለበት ጠፍቷል» ተብሎ ብቻ ይመዝገብ፤ ዝርዝሩን ሁለቱ ጸሐፊዎች ይወቁት። በምስጢር የሚያዝ ነገር ሲበዛ ምን እንደሚከተልም እ.ኤ.አ. በ2019 ታይቷል። ያን ጊዜ ፋውንዴሽኑ አንድን የእንግሊዝኛ ውክፔዲያ መጋቢ፣ የከሳሾቹን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲል ማስረጃውን ሳይገልጽ፣ ለአንድ ዓመት አገደው፤ ወደ 20 የሚጠጉ መጋቢዎች ተቃውመው ሥልጣናቸውን አስረከቡ፤ በመጨረሻም ማኅበረሰቡ የመረጠው የግልግል ኮሚቴ ማስረጃውን ለብቻው ተመልክቶ እገዳውን አነሳ፣ የመጋቢነት ሥልጣኑን ግን አልመለሰለትም። እኔ ከዚህ የምወስደው ምስጢር መያዝ ሲያስፈልግ እንኳ ምስጢሩን ከወሳኙ ሌላ የሚያይ፣ አባላቱ የሚያምኑት ሰው መኖር እንዳለበት ነው።

ስለ አድሚኖቹም ላንሣ። ከሥራ ደክሞ ገብቶ እኩለ ሌሊት ላይ የሬሳ ፎቶ የሚያጠፋ፣ በእናቱ እየተሰደበ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው ነው አድሚን። በየቀኑ የሚከሰስ ከሆነ ጥሩዎቹ ይሄዳሉ፤ የሚቀሩት ሥልጣኑን ለሌላ ነገር የሚፈልጉት ይሆናሉ። ምክንያቱን የሚጽፍ አድሚን መከራከሪያ አለው፤ መዝገቡ ለከሳሽ የሚጠቅመውን ያህል ያላግባብ ለሚወቀሰው አድሚንም ይጠቅማል።

የባለቤቱ ጉዳይ ከሁሉ የከፋው ነው። ሬዲት በተባለው መድረክ አስተዳዳሪው ጥሎት የሄደ ማኅበረሰብ ውስጥ ሌላ ሰው ለኩባንያው አመልክቶ ኃላፊነቱን መረከብ ይችላል። የቴሌግራም ግሩፕ ባለቤትነት ግን የሚተላለፈው በባለቤቱ እጅ፣ የራሱን የሁለተኛ ደረጃ የይለፍ ቃል አስገብቶ ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹን ፈልጉ፤ ሰው ልካችሁ በአካል አነጋግሩት፤ ለአንድ አድሚን ሳይሆን አባላቱ ለመረጡት ሰው እንዲያስረክብ ጠይቁት። እምቢ ካለ ወይም ካልተገኘ አዲስ ግሩፕ ከፍታችሁ አባላቱን ከመጥራት ሌላ መንገድ አይታየኝም፤ ያን ስታደርጉ ደንቡ ከመጀመሪያው ቀን ተጽፎ ይጠብቃቸው።

እስከዚያው ግን በዚህ ሳምንት ሊሠሩት የሚችሉት አለ። የቴሌግራሙ መዝገብ ከጠፋ ስለቆየ ያቺን የተባረረች ሴት ራሷን አግኝተው ያነጋግሯት፤ የጻፈችውን ታስታውሰዋለች፣ ምናልባትም ስክሪንሾት ይዛለች፤ ለደላላው የከፈለችበት ደረሰኝ ወይም የተጻጻፉት ካለም ይመልከቱ። እገዳዋን የማንሳት ሥልጣን ካለዎት ያንሱላት። አፋቸው የተዘጋውንም ይክፈቱላቸው። ከዚያ ያንን አድሚን፣ ከአባላቱ ፊት ከመቅረቡ በፊት፣ ከሌሎቹ አራት አድሚኖች ጋር ሆነው «ለምን አጠፋኸው? ከሰውየው ጋር ምን አላችሁ?» ብለው ይጠይቁት፤ የሚመልሰውንም ቃል በቃል ይጻፉት። እሱ ያለ ጥያቄ ያባረራት ሴት ያላገኘችውን ዕድል እሱ ሊያገኝ ይገባል፤ እስካሁን የሰማችሁት ወሬ ነው፣ የእሱን ቃል ገና አልሰማችሁም።